እጇ የማያርፍ አዋላጅ

የልጅ ልጄ መቅደላዊት ለመወለድ ሁለት ቀን ፈጅታለች። ያን ጊዜ በእኛ ቀበሌ ጤና ጣቢያ አልነበረም፤ ሴቱን ሁሉ የማዋልደው እኔ ነበርኩ። እናቷን ሥርጉትን፣ የልጄን የዋለን ሚስት፣ እኔው ያዝኳት። ያዝኳት እላለሁ እንጂ እነዚያን ሁለት ቀኖች የያዝኩት የቤቱን ምሰሶ ነው። እናትም ሕፃንም ደህና ሆነው ምጡ ብቻ ሲንቀራፈፍ፣ የአዋላጅ እጅ ነካክቶ ከሚያበላሽ ምሰሶ አቅፎ ቢቆም ይሻላል። ጎረቤቶች በበሩ ብቅ እያሉ ሲያዩኝ ቤቱ እንዳይወድቅ ደግፌ የቆምኩ ይመስላቸው ነበር። አንዷማ፣ "እመት አበዛሽ፣ ምሰሶው ነው እንዴ ያማጠው?" ብላኛለች። መቅደላዊት በራሷ ጊዜ መጣች፤ እኔም ምሰሶውን ለቅቄ ተቀበልኳት።

እንዲህ ተጠብቃ የተወለደች ልጅ ናት እንግዲህ፣ አድጋ እሷም አዋላጅ ከሆነች በኋላ፣ በሰው አገር "መጠበቅ አትችልም" ተብላ ከሙያዋ ልትወጣ ጥቂት የቀራት።

እጇ ከልጅነቷም አያርፍም ነበር። ጤና ጣቢያው ሲከፈት የልምድ አዋላጆችን ሰብስበው፣ ከእንግዲህ ምጥ የያዛትን ወደዚህ ላኩ፣ ስትልኩም ስሟን ጽፋችሁ ላኩ አሉን። ስም ለመጻፍ ፊደል ያስፈልጋል። እኔም በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ከዋለ ሱቅ ጀርባ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪዬ የአምስተኛ ክፍሏ መቅደላዊት ነበረች። "ሀ"ን ጽፌ ሳልጨርስ እርሳሱን ከእጄ ነጥቃ "ሁ"ን እሷ ትጽፈዋለች። "አንቺ ልጅ፣ የምማረው እኔ ነኝ" ስላት፣ "ቀስ ስትይ ያስጨንቀኛል እምዬ" ትላለች። ፊደል ጨረስኩ የተባለ ዕለት ደብተሬን ብገልጠው ግማሹ የእሷ ጽሕፈት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ዲቪ ደረሳትና አሜሪካ ሄደች። መጀመሪያ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወለል ስትጠርግ ቆየች፤ እየጠረገች ነርስነት ተማረች፤ ነርስ ሆና እየሠራች አዋላጅነት ጨመረችበት። ሥራዋን በስልክ ስትነግረኝ ይደክመኝ ነበር። የምታምጠዋን ሴት ሆድ በቀበቶ ያስሩታል፤ ማሽኑ የሕፃኑን የልብ ትርታ ይቆጥራል፤ አንዱ ክፍል ሲጮህ ወደዚያ፣ ሌላው ሲጮህ ወደዚህ መሮጥ ነው። አንድ አዋላጅ በአንድ ጊዜ ሦስት ሴት ትጠብቃለች።

"ቁጭ የምትይውስ መቼ ነው?" አልኳት።

"እዚህ ቁጭ ያለ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል እምዬ።"

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትሮጥ ኖረች። ከዚያ የኩታበሩን ልጅ ጥላሁንን አገባች። ጥላሁን ሆላንድ አገር አውቶቡስ ይነዳል። ዝምተኛ ነው፤ ስልክ ሲደውል ሰላምታውን ጨርሶ እኔ ምን እንደምለው እስኪጠፋኝ ድረስ ያዳምጠኛል። የመኖሪያ ወረቀቱ የዚያ አገር ስለሆነ አሜሪካ ሊከተላት አልቻለም፤ እሷ ተከተለችው።

ሆላንድ ስትደርስ የአሜሪካ ዲፕሎማዋን አዩና፣ ጥሩ ነው፣ ቋንቋችንን ተማሪ አሏት። አንድ ዓመት ተኩል ተማረች። ቀጥሎ ብስክሌት ልመጂ አሏት፤ የዚያ አገር የገጠር አዋላጅ ቦርሳዋን ከኋላ አስራ በብስክሌት ነው የምትሄደው። ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ሁለተኛው ጊዜ ላይ የተመለከታት አንድ ሽማግሌ፣ "ዋናም ትለማመጃለሽ እንዴ?" አላት አሉ። በመጨረሻ የቀረው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ስድስት ወር በአንዲት ነባር አዋላጅ ሥር መሥራት። ነባሯ አዋላጅ ከፈረሙላት እዚያው ትሠራለች። ካልፈረሙላት ትምህርቱን ከመጀመሪያው መጀመር፣ ወይም ወደ አሜሪካው ሆስፒታሏ ብቻዋን መመለስ ነው። ወይ ሙያዋ፣ ወይ ባሏ ማለት ነው።

ነባሯ አዋላጅ ወይዘሮ ትሪን ይባላሉ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዶሮ ያረባሉ፤ የመንደሩን ግማሽ ሰው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ሥራውም ከአሜሪካው ጋር አይገናኝም። እዚያ አገር ጤነኛ የሆነች እናት ከፈለገች እቤቷ ትወልዳለች።

ይህን ስትነግረኝ ያነሣሁትን ውሃ ሳልጠጣ አስቀመጥኩት። "እኛን እቤት አትውለዱ እያሉ ሲያስተምሩን የነበሩት ፈረንጆች፣ ራሳቸው እቤት ይወልዳሉ?"

"ሆስፒታሉ ሩብ ሰዓት ነው እምዬ። አምቡላንሱ ሲጠራ ወዲያው ይመጣል። መንገዱም አስፋልት ነው።"

"እንግዲያው ችግራችን አስፋልት ነበራ።"

አልጋውን ከሥሩ በእንጨት ከፍ ያደርጉታል፤ አዋላጅዋ ወገቧን እንዳያማት ነው። ይህቺን ሳልወድ አልቀረሁም። እኔ ያንን ሁሉ ዘመን ተንበርክኬ ስሠራ አልጋ ከፍ ማድረግ ያሰበልኝ የለም፤ ለነገሩ አልጋም አልነበረም። ልጁ ከተወለደ በኋላ እኛ ገንፎ እንደምናገነፋው፣ እነሱ ደረቅ ዳቦ ላይ ስኳር የለበሰ እንስላል የመሰለ ፍሬ ነስንሰው ለጠያቂ ይሰጣሉ። ገንፎውን እንደሚያህል ግን አላምንም።

ችግሩ የተጀመረው ከመጀመሪያው ምጥ ነው። ወይዘሮ ትሪን የሕፃኑን ልብ አዳመጡ፣ ደህና መሆኑን ለእናቲቱ ነገሩ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሻያቸውን ያዙ። መቅደላዊት ትራስ አስተካከለች። ሆድ ዳሰሰች። አንሶላ ለወጠች። መቀሱን ከጓንቱ ጎን ደረደረች፤ መልሳ ጓንቱን ከመቀሱ ጎን ደረደረች። የሴትየዋን ግንባር ጠረገች፤ ላብ ግን አልነበረውም። ወይዘሮ ትሪን ሻያቸውን አስቀምጠው ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡና አንድ ነገር ጻፉ።

በሦስተኛው ወር የጻፉትን አነበቡላት። በየገጹ ያው ነው፦ "እጇ አያርፍም።"

"ያጠፋሁት አለ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"የለም። ሙያሽ ጥሩ ነው። ግን የምታምጥ ሴት አዋላጇን ነው የምታየው። እጅሽ ሲርበተበት ስታይ አንድ ነገር የተበላሸ ይመስላታል። ትፈራለች። ስትፈራ ምጡ ይቆማል። ምጡ ሲቆም ሆስፒታል እንወስዳታለን። በዚህ ወር ሦስት ወስደናል፤ ሦስቱም መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር።"

መቅደላዊት እጇን ልታሳርፍ ሞከረች። ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ኪሷ ውስጥ ሆኖ ቁልፍ ያንቃጭላል። ክንዷን አጣጥፋ ቆመች፤ እናቲቱ፣ "የተቆጣችኝ ነገር አለ?" ብላ ባሏን ጠየቀች። አምስተኛው ወር ሲያልቅ ወይዘሮ ትሪን፣ "እንዲህ ከሆነ አልፈርምም" አሏት።

የደወለችልኝ ሐሙስ ቀን ነው። ያለቀሰች እንዳይመስል ታስል ነበር።

"አብሽሪ ልጄ" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ እኔው አለቀስኩ።

ዋለ ከሱቁ ሲመጣ እንዲህ ሆኜ አገኘኝ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ሴትዮዋ ለልጅህ አልፈርምም አሉ።"

"ምን አድርጋ?"

"እጇ አያርፍም ብለው።"

ዋለ ቆቡን አውልቆ አሰበ። ልጄ ሲያስብ ያስፈራኛል። "እማዬ፣ ይኼ የእጅ ነገር አይደለም። ማንም ሰው እጅሽ አላረፈም ብሎ የሰው እንጀራ አይዘጋም። ሴትዮዋ ተቀይመዋታል። አፍ አውጥተው መናገር ስላፈሩ ነው በእጇ ያሳበቡት። የተቀየመ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ይላክበታል።"

"ሆላንድ ድረስ?"

"በስልክ።"

ልከለክለው ይገባ ነበር። ግን ሰው ሲጨነቅ የሚያውቀውን መንገድ ነው የሚይዘው፤ ሽማግሌ ሲባል ልቤ ትንሽ ረጋ አለ።

ሦስት ተመረጡ። አንደኛው አባ ላቀው፣ የነፍስ አባታችን ናቸው። ሁለተኛው ሐጂ ያሲን ናቸው፤ በከተማችን በመካነ ሰላም ሳያስታርቁት የቀረ ጠብ የለም፤ አንዳንዱን ጠብ እንዲያውም ባለቤቶቹ ከመስማታቸው በፊት አስታርቀውታል። ሦስተኛው አራጌ ነው። አራጌን ማንም አልመረጠውም፤ ሽምግልና ባለበት ራሱ ይገኛል። አብሮ አደጌ ስለሆነ አንቱ አልለውም።

ቅዳሜ እኛ ቤት ተሰብስበው መከሩ። አራጌ ወዲያው፣ "ድንጋይ ተሸክመን እንቅረብ" አለ።

አባ ላቀው፣ "ድንጋይ የሚሸከመው ጥፋተኛ ነው። ልጅቷ ጥፋቷ እጇ አለማረፉ ከሆነ፣ ድንጋዩን መሸከም ያለባት እሷ ናት። እጇም በዚያው ያርፋል" አሉ።

ሐጂ ያሲን ሳቁና፣ "ወላሂ መልካም ብለዋል አባ። ድንጋዩ ይቅር። ቆመን እንለምን። መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም፤ ይኸው በቂ ነው" አሉ።

ዋለ ለመቅደላዊት ደውሎ፣ እሑድ ጠዋት ከሴትዮዋ ዘንድ ሁኚ፣ ቤተ ሰብ ሰላም ሊላቸው ይፈልጋል አላት። ስለ ሽማግሌ አልነገራትም። እሷም ሰላምታ መስሏት ወይዘሮ ትሪን ቤት ለቁርስ ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከከተማው በላይ ወዳለው የቴሌ ማማ ወጣን፤ ኔትወርኩ የሚጠነክረው እዚያ ነው። ዋለ ስልኩን ድንጋይ ክምር ላይ አስደግፎ አቆመው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ ፊት ለፊት ተሰለፉ። እኔ ጎን ላይ ቆምኩ። ሲደወል መቅደላዊት ታየች። ከኋላዋ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ሰፊ ፊት ያላቸው ሴት እንቁላል እየላጡ ነው። ልጄ ሦስቱን ሽማግሌዎች እንዳየች ገባት። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

"አባ፣ ምን ሆናችሁ ነው?" አለች በቀስታ።

"አንቺ ተርጉሚ" አሉ አባ ላቀው፣ ምርቃታቸውንም ጀመሩ። ላማቸው እንድትወልድ፣ ማሳቸው እንዲያፈራ፣ ጎተራቸው እንዲሞላ መረቋቸው።

ወይዘሮ ትሪን እንቁላሉን አስቀምጠው አዳመጡ። "ላም የለኝም በያቸው። ዶሮ ነው ያለኝ።"

"ዶሮዋም ትውለድ" አሉ አባ ላቀው ሳይደናቀፉ።

ሐጂ ያሲን ጉዳዩን አቀረቡ። ልጃችን ልጅ ናት፣ አጥፍታም ከሆነ ባለማወቅ ነው፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ስለ ፈጠረዎት ይቅር በሏት አሉ። መቅደላዊት መሬት መሬቱን እያየች ተረጎመች።

"ምን አድርጋኝ ነው ይቅር የምላት?" አሉ ሴትዮዋ። "እኔ አልተቀየምኳትም።"

መቅደላዊት ይህንን ወደ እኛ መለሰችው። አራጌ ወደ ሐጂ ያሲን ዞር አለ። "የተቀየመ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው።"

ወይዘሮ ትሪን እንዲተረጎምላቸው ጠየቁ። መቅደላዊት መተርጎም አልፈለገችም። "ሁሉንም ተርጉሚ" አሏት። ተረጎመች። ሴትዮዋ አራጌን በስልኩ ውስጥ ቀረብ ብለው ተመለከቱት። "ለምን አይቀመጡም?"

"መልስ ሳያገኝ ሽማግሌ አይቀመጥም።"

"አርጅተዋል እኮ።"

"ስላረጁ ነው የሚላኩት።"

"እንዲህ ያለ መልስ በሽማግሌ አይሰጥም። እጇ ካረፈ እፈርማለሁ፤ ካላረፈ አልፈርምም። እንዲቀመጡ ንገሪያቸው" ብለው ተነሥተው ዶሮዎቻቸውን ሊያበሉ ወጡ። ሲመለሱ ስልኩ ተዘግቶ እንደሚያገኙት ነበር ያሰቡት፤ በኋላ ራሳቸው ነግረዋታል።

ስልኩ ግን አልተዘጋም። ሽማግሌዎቹም አልተቀመጡም። በመካከላችን አንድ አህያ አለፈ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አባ ላቀው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት እየደገሙ ነው። ሐጂ ያሲን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። አራጌ እንኳ ዝም አለ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም ነበር። ሦስቱም ሁለት እጃቸውን ዘንጋቸው ጫፍ ላይ ደራርበዋል፤ የተተከሉ ነው የሚመስሉት።

በዚያኛው በኩል ግን በስልኩ መቅደላዊትን እናያታለን። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ወለወለች። ከዚያ ሳህን ስታጥብ የውሃው ድምፅ ተሰማ። ማንኪያውን ከሹካው ለየች። ቅቤውን አነሣች፤ መልሳ አመጣችው። ጥቂት ቆይታ በስልኩ ፊት ጨርቅ ይዛ ስታልፍ ታየች፤ መስኮት ልትወለውል ነው።

ዋለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ምን ነካት?" አለኝ።

"ፊደል ስታስተምረኝም እንዲህ ነበረች" አልኩት።

አርባ ደቂቃ ያህል ሲሆን ወይዘሮ ትሪን ባዶ ባልዲ ይዘው ገቡ። ስልኩን አዩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ናቸው። ዞር ብለው መቅደላዊትን አዩ። ወንበር ላይ ወጥታ የመስኮቱን ላይኛውን ክፍል ትወለውላለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየጠበቅኩ ነው" አለች ልጄ።

ሴትዮዋ በጣታቸው ወደ ስልኩ አመለከቱ። "የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።"

መቅደላዊት ከወንበሩ ወርዳ ጨርቁን እንደያዘች እኛን አየች። ረጅም ጊዜ አየችን። እኔም አየኋት።

ወይዘሮ ትሪን ባልዲውን አስቀምጠው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "ጠይቂያቸው። እንዴት ነው እንዲህ የሚጠብቁት?"

ሦስቱ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሽምግልና ላይ ቀርቦ አያውቅም። ሐጂ ያሲን ዘንጋቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው አሳዩ። "እመቤቴ፣ እጅ ባዶውን ከተተወ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ዘንግ ሲያሲዙት ሥራ ያገኘ ይመስለዋል፤ አርፎ ይቀመጣል። ሌላ ምስጢር የለውም።"

እኔ እስካሁን አልተናገርኩም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ወደ ስልኩ ቀረብኩ። "ሴትዮዋን እንዲህ በያቸው። ይቺ ልጅ ስትወለድ ሁለት ቀን ሙሉ ምሰሶ ይዤ ነው የጠበቅኳት።"

መቅደላዊት ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ተረጎመች። ወይዘሮ ትሪን ቀና ብለው፣ "እሷም አዋላጅ ነበረች?" አሉ። "ነበሩ" ብላ አረመቻቸው።

ሴትዮዋ ወደ ልጄ ዞሩ። "እንግዲህ ከሚጠብቁ ሰዎች ነው የመጣሽው። መጠበቁን የት ጣልሽው?"

"አሜሪካ" አለች ልጄ።

"ሄደሽ አምጪው። አንድ ወር አለሽ። ከወር በኋላ መልሴን ይሰማሉ በያቸው።"

ይህ ሲተረጎም ሽማግሌዎቹ ተደሰቱ። አራጌ ወዲያው ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። "ቀጠሮ ሰጡ" አለ።

"ቀጠሮ ሰጡ" አሉ ሐጂ ያሲንም። "በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የጨዋ ልጅ የለም። ወግ ያውቃሉ ሴትዮዋ።"

ወይዘሮ ትሪን ቀጠሮ መስጠታቸውን አላወቁም። የመቅደላዊት ስድስት ወር ሊያልቅ የቀረውን መናገራቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ቀኑን ቆጥረው፣ መርቀው፣ ከተራራው ወረዱ።

ያ ወር እንዴት ረዘመብኝ። መቅደላዊት እየደወለች፣ ዛሬ ትንሽ ተሻለኝ፣ ዛሬ አንሶላውን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነካሁት ትለኛለች። ወይዘሮ ትሪን ግን ደብተራቸውን እንደያዙ ናቸው። ቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው አንዲት የከብት አርቢ ሚስት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ወይዘሮ ትሪን በመንገድ ላይ ከብስክሌታቸው ሳይወርዱ፣ "ይቺ የመጨረሻዋ ናት" አሏት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ። መቅደላዊት መረመረቻት፤ ሁሉ ደህና ነው፣ ግን ገና ነው። በየሩብ ሰዓቱ የሕፃኑን ልብ ታዳምጣለች፤ ይህ ግዴታ ነው። ፈተናው በሁለቱ ሩብ ሰዓቶች መካከል ነው። መጀመሪያ እጇ ትራሱን ፈለገ። መለሰችው። አንሶላውን ፈለገ። መለሰችው። ወይዘሮ ትሪን ጥጋቸውን ይዘው ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። እናቲቱ ዓይኗን በመቅደላዊት እጅ ላይ ተክላለች።

መቅደላዊት ወደ ወጥ ቤት ወጣች። ምሰሶ የለም፤ የዚያ አገር ቤት ምሰሶው በግድግዳው ውስጥ ነው። ከበሩ ኋላ ግን ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ቆሟል። አነሣችው። ይዛው ገባችና አልጋው ግርጌ፣ ሴትየዋ በምታያት በኩል፣ ሁለት እጇን እጀታው ጫፍ ላይ ደራርባ ተደግፋው ቆመች።

መጀመሪያ የደነገጠው ባልየው ነው። ቀይ ጢም ያለው ረጅም ሰው ነው አለችኝ። መጥረጊያ ይዛ ስትገባ ቤታችሁ ቆሽሿል ያለችው መሰለው። ጆሮው ቀላ። ምንም ሳይናገር ወጥቶ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ጎትቶ መጣና ሚስቱ በምታምጥበት ክፍል ውስጥ ምንጣፉን ያጸዳ ጀመር። ሚስቱ በሁለት ምጥ መካከል ምን እንዳለችው መቅደላዊት አልተረጎመችልኝም። ወይዘሮ ትሪን ተነሥተው ገመዱን ነቀሉና፣ "ተወው፤ ልትጠርግ አይደለም፤ እየጠበቀች ነው" አሉት። እሱም ሥራ ሲያጣ ሄዶ በሩን ተደገፈ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። መቅደላዊት ቆማለች። ሩብ ሰዓቱ ሲደርስ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች፣ እጇን ታጥባ ልቡን ታዳምጣለች፣ "ደህና ነው" ትላለች፣ ተመልሳ መጥረጊያዋን ትይዛለች። እኔና ሐጂ ያሲን፣ አራጌም ሳይቀር፣ ፊቷ ቆመን ታየናት አለችኝ። "አራጌ እንኳ ዝም ካለ እኔ እንዴት ያቅተኛል አልኩ እምዬ።" ሴትየዋም ቀስ በቀስ እጇን ማየት ትታ ዓይኗን ጨፈነች፣ ወደ ራሷ ተመለሰች። ምጡ አልቆመም። እየጠና ሄደ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጊዜው ደረሰ። መቅደላዊት መጥረጊያውን አስቀመጠች፣ ታጠበች፣ ጓንቷን አደረገች። የሕፃኑ ራስ ሲወጣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ እኔም ስንቱን አይቼዋለሁ፤ ግን የሚደነግጥ እጅ አይወድም። በሁለት ጣቷ ፈልቅቃ በራሱ ላይ አሳለፈችው። አንዴ ብቻ ነው የነካችው። ልጁ መጥቶ እጇ ላይ አረፈና ጮኸ። እናቱ ደረት ላይ አኖረችው። የእንግዴ ልጁ ወጥቶ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ጓንቷን አውልቃ ዞር ስትል ቀይ ጢሙ ሰውዬ መጥረጊያውን ይዞ ጠበቃት። እጁ ሥራ አጥቶ ኖሯል፤ እሷ ስትለቀው አንሥቶ ተደግፎታል።

ወይዘሮ ትሪን እዚያው፣ ሻያቸውንና ደረቁን ዳቦ ይዘው፣ ደብተሩ ላይ ጻፉ። "እጇ ሥራውን ያውቃል። በቀረው ጊዜ መጥረጊያ ይይዛል" ይላል። ወረቀቱን አውጥተው ከሥሩ ፈረሙላት።

መቅደላዊት በዚያው ቀን ደወለችልኝ። እኔም ለዋለ ነገርኩት፣ ዋለም ሊነግራቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ። አራጌ ጆሮውን ይዞ ሸሸ አሉ። "እንዳትነግረኝ። የሽማግሌ መልስ የሚሰማው ከባለቤቱ አፍ ነው። ቀጠሯችን እሑድ ነው።"

እሑድ እንደገና ወደ ማማው ወጣን። ሦስቱ ተሰለፉ። ስልኩ ሲከፈት ወይዘሮ ትሪን በዶሮዎቻቸው መካከል ነበሩ። አልተቀመጡም። መቅደላዊት ነግራቸው ኖሯል፤ እነሱ ቆመው እኔ አልቀመጥም ብለው፣ እሳቸውም መጥረጊያ ተደግፈው ቆመዋል። አባ ላቀው ላሟን ትተው በዶሮዋ ጀምረው መረቁ። ሴትዮዋ እስኪጨርሱ ጠበቁና፣ "ፈርሜያለሁ። አሁን ተቀመጡ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሐጂ ያሲን "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ አባ ላቀውም "አሜን" አሉ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ።

አራጌ ብቻ ገና ያልጨረሰው ነገር ነበረው። "እንግዲህ እውነቱን ይንገሩን" አለ። "ተቀይመው ነበር፣ አይደል?"

መቅደላዊት ወደ ወይዘሮ ትሪን ዞራ ተረጎመች። ሴትዮዋ አራጌን አዩት፤ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ ያውቁታል። "ትንሽ" አሉ።

አራጌ ጉልበቱን መታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካነ ሰላም ገበያ ያገኘውን ሁሉ ሆላንድን ያስታረቅኳት እኔ ነኝ ይለዋል።

መቅደላዊት ባለፈው ጥር ከጥላሁን ጋር መጣች። መናኸሪያ ስትወርድ መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው፤ በቦርሳዋ ላይ ጸጥ ብሎ አርፏል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ በረደች አልኩ። እቤት ገብታ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጓዳዬን ገለበጠችው። ማሰሮውን ወደ ድስቱ ቦታ፣ ድስቱን ወደ ማሰሮው ቦታ ወሰደች፤ ሃያ ዓመት በጭለማ እጄን ስዘረጋ የማገኘውን የጨው ዕቃ የት እንዳደረገችው እስካሁን አላገኘሁትም።

ጥላሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። "እጇ የሚያርፈው ምጥ ቤት ብቻ ነው እማማ" አለኝ። ከዚያ ልጅ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

ከጥጉ ዘንጌን አንሥቼ ሰጠኋት። "ነይ፣ ይህንን ያዥና አጠገቤ ቁሚ" አልኳት። ይዛው ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ስመለከታት በዘንጉ ጫፍ የጣሪያውን የሸረሪት ድር እየጠረገች ነበር።